ፀሐይዋን ነው ወይስ እንስሳውን? የአመሻሽ ጀልባ ለሚመርጥ የአዲስ አበባ ዳር ሰው

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ሚስት ቡና ልትጠጣ መጣችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ቪዲዮ ነው። ጀምበር ልትጠልቅ ነው፤ ባሕሩ ወርቅ የተቀባ ይመስላል፤ ዶልፊኖች ከጀልባው ጎን ብቅ ጥልቅ ይላሉ። «ጋሼ፣ ለአሥረኛ ዓመታችን ይሄን ነው የምፈልገው። የት ነው? ስንትስ ይፈጃል?»

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከበረንዳዬ የሚታይ ውሃ ቢኖር የጎረቤት ሮቶ ብቻ ነው። ልስቅባት ነበር፤ ተውኩት። ነገሩን ሳስበው እኛ የከተማው ዳር ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ከመሃል ከተማ ሰው እንሻላለን። ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ቃሊቲ፣ ለቡ፣ ፉሪ ያለ ሰው ከተማውን ሳያቋርጥ ይወጣል። ቦሌ ያለው ሰው መውጫው ላይ በሚቆምበት ሰዓት እኛ ሐይቅ ዳር ደርሰን ሻይ እንጠጣለን።

እዚሁ አጠገባችን ያለውን ውሃ ግን እርሱት። አባ ሳሙኤል ቅርብ ነው፤ ስሙም ያምራል። አሮጌ ግድብ ነው። ነገር ግን የከተማው ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ ተግበስብሶ የሚገባው እዚያ ነው። ለገዳዲና ገፈርሳ ደግሞ የምንጠጣው ውሃ ናቸው፤ መዝናኛ አይደሉም።

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የምትፈልጉት ፀሐይዋን ነው ወይስ እንስሳውን? ማስታወቂያው ሁለቱን በአንድ ሥዕል ይሸጥላችኋል። እኔ ባየሁት ግን ሁለቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ እምብዛም አይገናኙም። ይሄ የሻጩ ተንኮል ብቻ አይደለም። የመሬቱ አቀማመጥም አለበት።

ቢሾፍቱ፦ ፀሐይዋ ቶሎ የምትሸሽበት

ለቅርበት ቢሾፍቱን የሚያህል የለም። ከእኛ በፍጥነት መንገዱ አንድ ሰዓት አይሞላም። ምሳ ቤት በልቶ ወጥቶ፣ ጀልባ ተሳፍሮ፣ ማታ በራስ አልጋ መተኛት ይቻላል።

ችግሩን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ማረፊያ «የጀምበር መጥለቂያ ጉዞ» ብሎ ለ11 ሰዓት ተኩል ቀጠረን። ጀልባው ዘገየ። ስንሳፈር ፀሐይዋ የለችም። ሰማዩ ገና ብሩህ ነው፤ ውሃው ግን ጠቁሯል፤ ብርዱም ጀምሯል። ጀልባ ነጂውን «ፀሐይዋ የታለች?» ብለው በአገጩ ገደሉን አሳየኝ። «ከዚያ ኋላ ገብታለች።»

ልክ ነው። ባቦጋያ፣ ሆራና ቢሾፍቱ ሐይቅ ውሃ የሞላባቸው የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሳህን ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፤ ዙሪያውን አፋፍ ከቦታል። ፀሐይ ከአድማስ በታች ከመግባቷ በፊት ከአፋፉ ኋላ ትገባለች። ስለዚህ ቢሾፍቱ የምትሄዱ ከሆነ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጀልባው ላይ ሁኑ። 11 ሰዓት ተኩል የሚል ሰው ከመጣ «ፀሐይዋ በስንት ሰዓት ነው ከገደሉ የምትሸሸገው?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያውቅ ወዲያው ይመልሳል።

ሁለተኛው ዘዴ ጀልባውን ቀደም ብሎ ጨርሶ፣ ጀምበሯን ከላይ ከአፋፉ ላይ ማየት ነው። በተለይ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ ይሄ ይሻላል። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ከላይ ሲያዩት ጥቁር ሰማያዊ ነው። ስትቀመጡ ግን በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳር ምረጡ። ያኔ ፀሐይዋ ከውሃው ማዶ ትጠልቅላችኋለች። በምዕራብ በኩል ከተቀመጣችሁ በጀርባችሁ ትገባና ማኪያቶ ብቻ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ።

እንስሳስ? ወፍ ነው። ዳክዬ፣ ዕድል ካላችሁ ዓሣ በል ንስር። ጉማሬ የለም። ለልጆች ያለው ደስታ ጀልባው ራሱ ነው።

ዋጋው ላይ የሚያጣላው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የመግቢያውና የጀልባው ሒሳብ መለያየቱ። መግቢያ ከፍላችሁ ገብታችሁ ጀልባው ሌላ ሒሳብ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በስልክ ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ጀልባው ተካትቷል ወይ፣ ለስንት ደቂቃ ነው፣ ሒሳቡ በሰው ነው ወይስ በጀልባ። ደግሞ ከመስቀል በኋላ ባለው የኢሬቻ ሰሞን ጸጥታ ፈልጋችሁ አትሂዱ። ያኔ ሆራ አርሰዲ የሕዝብ ባሕር ነው፤ ለበዓሉ ከሆነ ግን ያንኑ ቀን ምረጡ።

ባቱ፦ የዓሣ ነባሪው ዘመድ ቤት

አሁን እኔ ወደምወደው ልምጣ። የወንድሜ ሚስት ያሳየችኝ ዶልፊን የዓሣ ነባሪ ወገን ነው፤ ዓሣ ነባሪ ሲባል ደግሞ ብዙዎቻችን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ዮናስን የዋጠው ዓሣ አንበሪ ነው። ስሙ ዓሣ ቢሆንም ዓሣ ነባሪ ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፤ ልጁን ያጠባል። የዘር ሐረጉን ያጠኑ ሳይንቲስቶች እንደሚሉት፣ ዛሬ በምድር ላይ ካሉት ሌሎች እንስሳት ለዓሣ ነባሪና ለዶልፊን የቅርብ ዘመዱ ጉማሬ ነው። ዝምድናው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይርቃል፤ ቢሆንም ዘመድ ዘመድ ነው።

እና ጉማሬው ያለው ባቱ ነው፣ በድሮ ስሙ ዝዋይ። ሐይቁን ደምበል ይሉታል። ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጆ በመቂ በኩል የሚወስደው አዲሱ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን አቅልሎታል፤ ከእኛ ሰፈር ሁለት ሰዓት ገደማ በቂ ነው።

ጀልባው ከወደቡ ይነሳል። ነጂው ሞተሩን ከሩቅ ያጠፋና በመቅዘፊያ ቀስ ይላል። ዝም ትላላችሁ። ከዚያ ድንገት «ፉ...!» የሚል ድምፅ ይመጣና ውሃ ይረጫል። ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት አፍንጫ። ባሕር ላይ ዓሣ ነባሪ ሲተነፍስ የሚሰማው እፍታ በትንሹ እንዲህ ያለ ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ጀልባው የፈነዳ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ እዚህም ፀሐይና እንስሳ ተጣልተዋል። የባቱ ከተማ በሐይቁ ምዕራብ ዳር ናት። ስለዚህ ከውሃው ላይ የምትወጣው የጠዋት ፀሐይ ናት፤ የማታዋ የምትጠልቀው ከከተማዋ ጣሪያ በላይ ነው። አገሩ ሜዳ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ትታያለች፤ ግን ከኋላዋ ያለው ባሕር ሳይሆን ቤትና የስልክ ማማ ነው።

ሌላው ነፋሱ ነው። ደምበል ሰፊ ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ደግሞ መስታወት ነው።

ጉማሬም ሳር ለመጋጥ ከውሃ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ይነቃቃል፤ ለማየት ጥሩ ሰዓት ይመስላል። አደገኛውም ሰዓት ያው ነው። ከዳሩ ሸንበቆ አጠገብ በእግር መንጎራደድ አይገባም። ጀልባውም በጉማሬውና በዳሩ መካከል መግባት የለበትም። «ጠጋ በል፣ ፎቶ ላንሳ» የሚል ተሳፋሪ አብሯችሁ ካለ ቆንጠጥ አድርጉት።

ስለዚህ ባቱን የምትመርጡ ከሆነ ቅዳሜ ሄዳችሁ እደሩ። ማታ የቆሮሶ ዓሣ አስጠብሳችሁ ብሉ። ጀምበር ስትጠልቅ ወደቡ ላይ ተቀምጣችሁ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከዓሣ አጥማጅ እጅ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻማ እዩ፤ እሱ ራሱ ትርኢት ነው። ጀልባውን እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተሳፈሩ።

ሒሳቡ አብዛኛውን ጊዜ በጀልባ እንጂ በሰው አይደለም። ሁለት ብቻችሁን ከሆናችሁ ይከብዳል፤ ስምንት ከሆናችሁ ይቀልላል። ወደ ደሴቶቹ እንውሰዳችሁ ካሏችሁ ደግሞ ሌላ ጉዞ ነው። ትልቁና ሩቁ ቱሉ ጉዶ ነው። የዛይ ሕዝብ ይኖርበታል፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ጽላተ ሙሴ ተሸሽጎበት እንደነበር በትውፊት የሚነገርለት የደብረ ጽዮን ገዳምም እዚያ ነው። ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ከአመሻሽ ጀልባ ጋር አትደባልቁት። ውሃው ውስጥ እግር መንከርም ይቅርባችሁ፤ ቢልሃርዝያ አለ።

ወንጪንም የሚያነሱ አሉ። ውበቱን አልክድም። ግን እሱም ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፤ አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ማታ ጀልባ ላይ ጋቢ ያስለብሳል። ወደ ቂርቆስ ገዳም በቀን መሻገር ይሻላል። ከቱሉ ዲምቱም በተቃራኒ አቅጣጫ ነው፤ ለቡራዩና ለሆለታ ሰው ትቼዋለሁ።

እውነተኛው ዶልፊንስ?

ይሄን ሁሉ ስነግራት «ጉማሬ ይዘላል?» አለችኝ። አይዘልም። እንግዲያው ዶልፊኑን ካላየሁ ለምትሉ፣ ፓስፖርት አውጡ።

በካርታ ቅርቡ ጅቡቲ ነው። ባቡሩ የሚነሳው ከእኛው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው፤ ጅቡቲ ያለው ናጋድ ጣቢያ እስኪደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዶልፊን አለ። ነገር ግን ጅቡቲ ከኅዳር እስከ ጥር የሚያስተዋውቀው ዋናው ነገር «ዌል ሻርክ» ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስሙ የዓሣ ነባሪ ስም ቢይዝም ሻርክ ነው፤ በስንጥብ የሚተነፍስ፣ በዓለም ትልቁ ዓሣ። ሰው አይበላም። እሱን ለማየት ደግሞ የሚኬደው በቀን ነው፤ ዋና የሚችል ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያየው። የማታ ፀሐይ እያዩ ወይን የሚጠጡበት ጉዞ አይደለም።

ቀጥሎ ኬንያ። ለእኛ ቪዛ አያስፈልግም፤ የቢጫ ወባ ካርድ ግን ያዙ። ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ከሺሞኒ ወደ ዋሲኒ ደሴትና ወደ ኪሲቴ የባሕር ፓርክ የሚሄዱ ጀልባዎች ለዶልፊን የታወቁ ናቸው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ለመውለድ ከደቡብ ዋልታ አካባቢ መጥተው በዋታሙ በኩል ያልፋሉ። እኛ ክረምቱ ላይ ጭቃ ስንረግጥ ማለት ነው። ለዝናብ መሸሻም ይሆናል።

ግን ካርታውን አስቡት። የኬንያ ጠረፍ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ፀሐይዋ ከባሕሩ ትወጣለች እንጂ ባሕሩ ውስጥ አትጠልቅም። የዶልፊን ጉዞውም የሚነሳው ጠዋት ነው፤ ባሕሩ የሚረጋው ያኔ ነው። ሞምባሳ ላይ የሚሸጠው የምሽት ጀልባ ወደብና ሰርጥ ለሰርጥ የሚዞር የእራት ጀልባ ነው። እራቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ዶልፊን ግን አትጠብቁ።

ዛንዚባር ይሄን ችግር በግማሽ ይፈታል። ምዕራባዊ ዳሩ ላይ ፀሐይዋ እውነትም ባሕር ውስጥ ትጠልቃለች፤ ባለ ሸራ ጀልባዎቹም ያምራሉ። ዶልፊኖቹ ግን በደቡብ ጫፍ ኪዚምካዚ ናቸው፤ ጉዞውም ማለዳ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን፣ ሁለት ትኬት። ኪዚምካዚ ላይ ደግሞ ብዙ ጀልባ አንድ መንጋ ከብቦ ሲያሳድድ ታያላችሁ። ከርቀት የሚቆም ነጂ ምረጡ። «አብራችሁ ትዋኛላችሁ» ብሎ ቃል የሚገባውን እለፉት።

እኔ ብሆን እንዲህ እመርጣለሁ። ግማሽ ቀን ብቻ ካለኝና ፀሐይዋን ከፈለግኩ ቢሾፍቱ፣ ያውም ከአፋፉ ላይ። አንድ ሌሊት ካለኝ ባቱ። ባሕር ካልኩ ደግሞ ለጅቡቲና ለዛንዚባር ገንዘቡን ከማካፍል አንድ ዓመት ዕቁብ ጥዬ በነሐሴ ኬንያ እሄዳለሁ፤ የማታውን ፀሐይ ትቼ ዓሣ ነባሪውን እመርጣለሁ።

የትም ብትሄዱ ሁለት ነገር አትርሱ። ላይፍ ጃኬቱን ከመሳፈራችሁ በፊት ልበሱት፤ «ከመቀመጫው ሥር አለ» የሚለውን አትቀበሉ። ሰዓቱንም አስሉ። በኅዳር ጀምበር የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ በሐምሌ ወደ 12 ሰዓት ከ45። ከዚያ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ድቅድቅ ይላል። ጀልባው መብራት ከሌለው ቀድሞ መመለስ አለበት።

የወንድሜ ሚስት ባቱን መርጣለች። ቅዳሜ ማታ ዓሣ፣ እሑድ ማለዳ ጉማሬ። ትናንት ወንድሜ ደወለልኝ። «የጋብቻ በዓሌ ቀን ሌሊት 11 ሰዓት የምነሳው በማን ምክር ነው?» አለኝ።