ያማሃ ዋይዜድ250 ለፍሪስታይል ጀማሪ፦ በሱሉልታ ከፍታ እንዴት ነው?

ለፍሪስታይል ሞቶክሮስ (በሞተርሳይክል እየዘለሉ አየር ላይ ትርኢት ማሳየት) ከአራት ስትሮክ ይልቅ ይህን ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተርሳይክል እንመርጣለን። አዲሱ ሞዴል ከነነዳጁ ወደ 103 ኪሎ ነው፤ አየር ላይ ለማዘንበልም ለመመለስም ይቀላል። ፒስተኑን መቀየርም ብዙ ወጪ የለውም።

ችግሩ ከፍታው ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የፋብሪካው ጂግለር (ቤንዚን የሚያሳልፈው የካርቡሬተር ቀዳዳ) ቤንዚን ያበዛበታል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ የካርቡሬተሩን ዋና ጂግለር አንድ አንድ ደረጃ እያሳነሳችሁ ሞክሩ። ይህን በቸልታ አትለፉት! መዝለያው ጫፍ ላይ ሞተሩ ታፍኖ ከተንተፋተፈ የፊት ጎማው ይደፋል፣ ነጂውም በመሪው ላይ ይወረወራል።

አየር ላይ ጋዝ መስጠት ፊቱን ያነሳዋል፤ የኋላ ፍሬን መርገጥ ዝቅ ያደርገዋል። ጀማሪ መጀመሪያ ይህን በዝቅተኛ የአፈር ክምር ላይ ይልመድ። ከዚያ አንድ እጅ መልቀቅ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም እግር ከመርገጫው ማንሳት። ባክፍሊፕ (አየር ላይ ወደ ኋላ መገልበጥ) ግን ስፖንጅ የተሞላ ጉድጓድ በሌለበት አይሞከርም። መቀመጫው ስር የእጅ መያዣ ቀዳዳ ማስወጣትም ለኋላ ይቆይ።

ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይደባለቃል፦ ለ30 ሊትር 1 ሊትር የሁለት ስትሮክ ዘይት። በበጋ አቧራው ከባድ ስለሆነ የአየር ማጣሪያውን ከየልምምዱ በኋላ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ የማጣሪያ ዘይት ቀቡት። በክረምት ኮትቻው ጎማው ላይ ይጋገርና መዝለያው ላይ ያንሸራትታል፤ ያን ጊዜ መዝለል አይመከርም።

መብራት የለውም፣ ለአስፋልት አልተሠራም። ሜዳ ድረስ በፒካፕ መጫን ግድ ነው።