ግንባር ላይ በጥቂቱ፣ በቅንድብ መሃል በደንብ፦ የድሬዳዋ ቦቶክሴና ሌሎች የሠርግ ሰሞን አገልግሎቶች

ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ሠርግ ነበር። ከቶሮንቶ ድሬዳዋ ሄጄ ሠርጉን በላሁ፣ ዘመድ ጠየቅኩ፣ እግረ መንገዴን ፊቴንም ተወጋሁ። ከተመለስኩ ወዲህ ጓደኞቼ ስለ ሙሽራዋ ቀሚስ አንዴ ጠይቀው ያልፋሉ። ስለ ቦቶክሱ፣ የፊት መስመር ስለሚያለዝበው መርፌ ግን ጥያቄያቸው አያልቅም። እሺ፣ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች እዚህ ላስቀምጥ። አብዛኛው ስለ መርፌው ነው።

ቀላል ቀላሉን ላስቀድም። ከአዲስ አበባ ድሬ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለሱ የምለው የለኝም። ባጃጅ እንደ ልብ ነው። ዋጋ ሳትነጋገሩ ከገባችሁ ግን ዲያስፖራ መሆናችሁ ከአነጋገራችሁ ይታወቅና ሒሳቡ ያብጣል። ቀሚሴን ለማስጠበብ ሐረር ወጣሁ። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ማሽናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ። አንዱ ልኬን ወሰደ፣ ገበያውን ዞር ዞር ብዬ ስመለስ ጨርሶ ጠበቀኝ። ስፌቱ ላይ እንከን አላገኘሁም። የደንገጎን ተራራ መውጣትና መውረዱ ራሱ ደስ ይላል።

አሁን ወደ ግንባሬ።

ክሊኒኩ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፣ ዛፎቹ መንገዱን ባጠሉበት በኩል። ስሙን አልጽፍም። ማስታወቂያ እንዲመስልብኝ አልፈልግም፣ ደግሞም የምነቅፈው ነገር አለኝ። የውበት ሳሎን አይደለም፤ የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቦቶክስ መድኃኒት ስለሆነ ነው። ፀጉራችሁን እየሠራች "አንዴ ጠቅ ላድርግሽ?" የምትላችሁ ካጋጠመቻችሁ ሻሻችሁን አስራችሁ ውጡ። የኔዋ ሐኪም የቆዳ ሕክምና የተማረችው አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል ነው። የሙያ ፈቃዷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ምን እንደምፈልግ ስትጠይቀኝ "ማንም እንዳያውቅብኝ፣ ግን ለውጡ እንዲታይ" አልኳት።

ሳቀች። "ሁሉም የሚሉኝ ይህንኑ ነው" አለችኝ።

መስታወት ፊት አስቀመጠችኝና "እስቲ ይቆጡ" አለች። ተቆጣሁ። "ይገረሙ።" ተገረምኩ። "ይሳቁ።" ለዚህስ ማንም ማዘዝ አላስፈለገውም። ቀጥላ "አሁን ዝም ይበሉ" አለችኝ። ለካ ዋናው ምርመራ እሱ ነው። ስንቆጣ ወይም ስንስቅ ብቻ ብቅ የሚል መስመር ለቦቶክስ እጁን ይሰጣል። ፊታችን ባረፈበት ሰዓትም ተቀርጾ የሚታይ መስመር ግን ይለዝባል እንጂ ሙልጭ ብሎ አይጠፋም። "ይህችን በመርፌ ብዛት አላጠፋትም" ብላ በቅንድቦቼ መሃል ያለችውን ጥልቅ መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ገንዘብ ልትቀበለኝ ተዘጋጅታ ሳለ የማይሆነውን መናገሯን ወደድኩላት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነርቭ ጡንቻን "ተኮማተር" ብሎ የሚያዘው አሴቲልኮሊን በተባለ ኬሚካል ነው። ቦቶክስ ይህ ኬሚካል ከነርቩ ጫፍ እንዳይለቀቅ ያግዳል። ትእዛዝ ያልደረሰው ጡንቻ ያርፋል፣ ከላዩ ያለው ቆዳም አይታጠፍም። መጀመሪያ ለውበት አልነበረም፤ ለሸውራራ ዓይንና ዓይንን እያስጨፈነ ለሚያስቸግር የጡንቻ መኮማተር ነበር። በካናዳ ቫንኩቨር የዓይን ሐኪሟ ጂን ካራዘርስ ዓይናቸውን የምታክማቸው ሰዎች የቁጣ መስመራቸው እንደሚጠፋ አየች። ከባሏ ከቆዳ ሐኪሙ ከአላስቴር ጋር ሆና በ1992 (እ.ኤ.አ.) ጥናቱን አሳተሙ። በአሜሪካ ለቅንድብ መሃል መስመር የተፈቀደው በ2002 (እ.ኤ.አ.) ነው። (የካናዳ ሰው ስለሆንኩ ይህችን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።)

ሁሉም የሚጠይቁኝ ጥያቄ ግን "ቀለል ያለው ይሻላል ወይስ ጠንከር ያለው?" የሚለው ነው። እኔም ይህንኑ ይዤ ነበር የገባሁት። ሐኪሟ ጥያቄውን ራሱን አፈረሰችው። ለፊት በሙሉ አንድ መልስ የለም፤ በየጡንቻው ነው የሚወሰነው።

ቅንድብ ገመድ ጉተታ ላይ ነው ብላችሁ አስቡት። በመሃል ያሉት ጡንቻዎች ወደ ታችና ወደ ውስጥ ይጎትቱታል። ወደ ላይ የሚጎትተው የግንባር ጡንቻ ብቻ ነው። የመሃሎቹን በደንብ ካሳረፋችሁ ላይኛው ያሸንፍና ቅንድብ ትንሽ ቀና ይላል። ፊት የተቆጣ መምሰሉን ይተዋል። ግንባሩን በደንብ ካሳረፋችሁት ግን ወደ ላይ የሚጎትት አይኖርም። ግንባሩ እንደ ሕፃን ይለሰልሳል፣ ቅንድብ ግን ዓይን ላይ ይወርዳል። በተለይ ዕድሜው ገፋ ላለና የዓይኑ ቆብ ከፊቱም ለከበደው ሰው።

ስለዚህ የኔ ውሳኔ እንዲህ ሆነ። በቅንድብ መሃል ሙሉ መጠን፣ 20 ዩኒት (የመድኃኒቱ መለኪያ ነው)፣ አምስት ቦታ ላይ። በቦቶክስ መመሪያ ላይ የተጻፈውም ይኸው ነው። ለግንባር መመሪያው ላይ ያለው ሌላ 20 ነው፤ እኔ ከግማሹ ባነሰ ተስማማሁ። ለዓይን ጥግ በሁለቱም ወገን ተደምሮ 24 ነው የሚባለው። እሱንም አስቀነስኩ፤ እኛ ቤት ሳቅ በዓይን ነው።

የአጎቴ ልጅ ከጅዳ ለዚሁ ሠርግ ነበር የመጣችው። እሷ እኔ ከመድረሴ በፊት ሌላ ቦታ ተወግታ ጠበቀችኝ። "አቦ፣ አንዴ ከተከፈለ ምን ያስቆጥባል!" ባይ ናት። ግንባሯን በሙሉ አስደረገችው። በእውነቱ አንዲት መስመር አልነበራትም። ነገር ግን ቅንድቧ ወርዶ ዓይኗ ከብዷል። ሙሽራው በእልልታ ሲገባ ሁላችን ቅንድባችን ሰማይ ነካ፤ የሷ ካለበት አልተነቃነቀም። አክስቴ ጠጋ ብለው "ምነው ልጄ፣ ሙሽራውን አልወደድሽውም እንዴ?" አሏት። ልጅቷ እየሳቀች ነበር እኮ! አፏ ይስቃል፣ ላይኛው ፊቷ ግን አያግዛትም።

የሚያናድደው ማስተካከያ የሌለው መሆኑ ነው። ፊለር (የጎደለ ቦታ የሚሞላው መርፌ) ከሆነ፣ ያውም የሃያሉሮኒክ አሲድ ዓይነቱ፣ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል ሌላ መርፌ ሊሟሟ ይችላል። ቦቶክስ ግን አንዴ ከገባ መጠበቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። ትንሽ የተወጋ ሰው ይጨመርለታል፤ ብዙ የተወጋውን የሚቀንስለት የለም። እኔ ግንባር ላይ ለቀለል ያለው የማደላው በዚህ ነው። ቀለል ያለው የራሱ ጉድለት አለው፦ ቶሎ ይለቃል። የኔ ግንባር ቶሮንቶ ገብቼ ብዙም ሳልቆይ መንቀሳቀስ ጀምሯል፣ የቅንድቤ መሃል ግን እንዳረፈ ነው።

ጠንከር ያለው የሚገባቸው ሰዎችም አሉ። ጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የሚነዳው ወንድሜ አጅቦኝ መጥቶ ነበር። በፀሐይ ዓይኑን ሲያጠብ የኖረ ሰው ነው፣ የቅንድቡ መሃል ሁለት ቦይ ተቆፍሮበታል። ስንወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለኔስ ስንት ይበቃኛል?" ብሎ ጠየቃት። የወንድ ጡንቻ ወፈር ስለሚል ብዙውን ጊዜ ከሴት የበለጠ ይፈልጋል አለችው። ያን ቀን አልተወጋም። ሰንስክሪን ግን ገዝቶ ሄደ፤ ከእሱ ይህን ማየት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ፣ SPF 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቅባት ሳይቀቡ ለመርፌ መክፈል ገንዘብ መበተን ነው። ቆዳን ከሚያሸበሽቡት ነገሮች ዋናው ፀሐይ ነው።

ስለ ዩኒት አንድ ነገር። የአጎቴ ልጅ "አንቺ 20፣ እኔ ለመሃሉ ብቻ 50!" እያለች ስትኩራራብኝ ነበር። ብልቃጡ ምን እንደሚል ስጠይቃት ዲስፖርት የሚባለው ሌላ ስሪት ሆኖ ተገኘ። የዲስፖርት ዩኒትና የቦቶክስ ዩኒት አንድ አይደሉም። በቅንድብ መሃል የዲስፖርት የተለመደው መጠን 50፣ የቦቶክስ 20 ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ሁለታችንም እኩል ነበርን፤ የከበዳት በግንባሯ ነው። የኮሪያ ስሪቶችም ገበያ ላይ አሉ። ቁጥር ከማወዳደራችሁ በፊት ስሙን ጠይቁ።

ብልቃጡንም እዩት። መድኃኒቱ ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት ሄዶ በሚመጣበትና ሙቀቱ በሚታወቅ ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። ፍሪጁን አሳዩኝ ስል ሐኪሟ አልተቀየመችም። ጀነሬተር አላቸው፣ ፍሪጁ ላይ ቴርሞሜትር ተለጥፏል። ብልቃጡን ፊቴ ከፍታ፣ ቀኑን አሳይታኝ፣ በጨው ውሃ በጠበጠችው። ከዚያ በፊት እርጉዝ መሆኔን፣ ማጥባቴን፣ የጡንቻ ድካም በሽታ እንዳለብኝ፣ አስፕሪን መውሰዴን ጠየቀችኝ። አስፕሪን ቦታውን እንዲጠቁር ያደርጋል። ራስ ምታትና ትንሽ መጥቆር ቢመጣ እንዳልደነግጥ፣ የዓይኔ ቆብ ቢወርድ እንድደውልላት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ቢያስቸግረኝ ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ ነገረችኝ።

መወጋቱ ራሱ ደቂቃዎች ነው። ትንኝ ነከሰኝ አልልም፤ ያማል፣ ግን ቶሎ ያልፋል። የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ለአራት ሰዓት አትተኙ፣ ቦታውን አትሹ ይላሉ። ድሬ ውስጥ ከምሳ በኋላ! ቤቱ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብሎ በርጫውን ሲያደምቅ እኔ ብቻዬን ወንበር ላይ እንደ ዳኛ ተገትሬ ዋልኩ። ስቲምና የወይባ ጢስም ያን ቀን ክልክል ነው። ለሠርግ ሰሞን ሴት ይህ ቀላል አይደለም፤ ቀጠሮአችሁን ስትይዙ አስቡበት።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። ለውጡ በሦስት አራት ቀን ይጀምራል፣ ሙሉ ለሙሉ የሚታየው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ስለዚህ የመጣችሁ ሰሞን ተወጉ እንጂ ሠርጉ ሊደርስ ሲል አትሂዱ። የማስተካከያ ቀጠሮም በሁለት ሳምንቱ ነው የሚሰጠው። ዕረፍታችሁ አጭር ከሆነና ማስተካከያው ከመመለሻ በረራችሁ በኋላ የሚውል ከሆነ፣ ባትጀምሩት ይሻላል ባይ ነኝ። ውጭ ያለች ሐኪም የሌላን ሰው ሥራ ለመንካት ደስ አይላትም።

ቅሬታዬ እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። ልጅቷ ገና ስሜን ሳትጽፍ "የሠርግ ፓኬጅ" ብላ ፊለርና ቦቶክስ አንድ ላይ ልትሸጥልኝ ጀመረች። ያውም ሌሎች ታካሚዎች እየሰሙ። ፊለር ሌላ ነገር ነው፤ ጡንቻ አያሳርፍም፣ የጎደለ ቦታ ይሞላል። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደግሞ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። በጥቅል የሚሸጥ ዕቃ አይደለም። ሁለተኛው፣ የስምምነት ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ባጃጅ ውስጥ በሚሰማበት ከተማ ይህ ያስተዛዝባል። ለአጠገቤ ተቀማጭ ሴትዮ የተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ።

ዋጋው በዩኒት ነው፣ ይህም ጥሩ ነው። በቦታ የሚያስከፍል ቤት ስንት እንደወጋችሁ አታውቁም። ቶሮንቶ ከምከፍለው ቀንሷል። ያሰብኩትን ያህል ግን አይደለም፣ መድኃኒቱ በዶላር የሚገባ ነው፣ ብሩም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ነው የሚመነዘረው። በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ሳትጠይቁ ይሰጣሉ። ደረሰኙ ላይ የመድኃኒቱን ስምና የዩኒቱን ቁጥር አስጽፉ፤ ቀጣዩ ሐኪማችሁ ይፈልገዋል።

ለሐኪሟ ከአምስት አምስት፣ ለእንግዳ መቀበያው ሁለት እሰጣለሁ። የከሰዓት ቀጠሮ ከሰጧችሁ ከ9 ሰዓት በፊት አትድከሙ። ድሬ ቀትር ላይ በሩን ይዘጋል፤ ዘበኛው ብቻ ነው የሚያገኛችሁ።