ዘጠኝ ወር ከቶክባክ ጋር፦ የሚነበብና የማይነበብ ስልክ

ጎንደር ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ መካከለኛ ዋጋ ያለው አንድሮይድ ስልክ ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ዓይነ ስውር በመሆኔ ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኜ ቶክባክ የተባለውን የማያ ገጽ አንባቢ ካስነሳሁበት ቀን ጀምሮ ስልኩን ያለ እሱ ተጠቅሜበት አላውቅም። እዚህ የምጽፈውም በእነዚህ ወራት ቶክባክ ምን እንዳነበበልኝና በየትኞቹ መተግበሪያዎችና ጨዋታዎች ላይ ዝም እንዳለብኝ ነው።

ቶክባክ አንድሮይድ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አጠቃቀሙን ለመልመድ ሁለት ሳምንት በቅቶኛል፤ ጣትን ወደ ቀኝ ሲያንሸራትቱ ወደሚቀጥለው ነገር ተሻግሮ ስሙን ይናገራል፣ ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርጉት ይከፍተዋል። አማርኛውን የሚናገርልኝ ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ የንባብ ድምፅ ነው። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይም የገናን በዓልና «ገና አልመጣም» የሚለውን «ገና» በአንድ ዓይነት ያነባቸዋል። ጆሮዬ ከለመደው በኋላ ግን ከሰው ንግግር አፍጥኜ አዳምጠዋለሁ፤ ኢንተርኔት በሌለበትም መሥራቱ ለእኔ ከድምፁ ጥራት ይበልጥብኛል።

ችግሩ የሚጀምረው መተግበሪያ ሲከፈት ነው። ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት አራዳ ገበያ ከአንዲት እናት በርበሬ ገዝቼ ሒሳቡን በስልክ ልልክላቸው ፈለግሁ። የምጠቀምበት የባንክ መተግበሪያ በዚያው ሳምንት ታድሶ ነበርና ጣቴን ባንሸራተትሁ ቁጥር የምሰማው «ስም የሌለው አዝራር፣ ስም የሌለው አዝራር» ብቻ ሆነ። ከመካከላቸው የትኛው ገንዘብ እንደሚልክ፣ የትኛው እንደሚሰርዝ ማወቂያ አልነበረኝም። እናትየዋ «አምጣው የኔ ልጅ፣ ልጄ ይጫንልህ» አሉኝ። ከልባቸው ሊረዱኝ እንደፈለጉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሚስጥር ቁጥሬን ለሌላ ሰው መንገር ስለማልችል በርበሬውን እዚያው ትቼ ጥሬ ገንዘብ ለማምጣት ቤቴ ተመለስሁ።

የዚህ መንስኤ ትንሽ መሆኑ ነው የሚያስቆጨኝ። አንባቢው በዋናነት የሚያነበው ሥዕሉን አይቶ ሳይሆን፣ መተግበሪያውን የሠራው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ባለ ሥዕል አዝራር የጻፈለትን አጭር መግለጫ ነው። መግለጫው «ላክ» የሚል አንድ ቃል ቢሆን እንኳ ለእኔ ይበቃኛል። ቶክባክ ተጠቃሚው ራሱ ስም እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ እኔም አንድ ቀን ከእኅቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን እሱ ሥዕሉን እየነገረኝ አምስት አዝራሮችን ሰይሜአለሁ። ሆኖም ባለሙያው በውስጥ መለያ ያልሰጠውን አዝራር መሰየም አይቻልም፤ በዚህም ምክንያት ሌሎች ሁለት አዝራሮች እስከ ዛሬ ስም የላቸውም። በአንጻሩ በ*804# የስልኬን ቀሪ ሒሳብ ስጠይቅ የሚመጣልኝ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ያለ ምንም ችግር ይነበባል።

ጨዋታ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። አብዛኞቹ የስልክ ጨዋታዎች መላውን ማያ ገጽ እንደ አንድ ሥዕል ስለሚስሉት ቶክባክ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ዩኒቲ የተባለው የጨዋታ መሥሪያ በ2023ቱ ስሪት ለስልክ የማያ ገጽ አንባቢዎች መንገድ ከፍቷል፤ መንገዱን መጠቀም አለመጠቀም ግን የሠሪው ምርጫ ነው። ከሞከርኋቸው ሁሉ ያረካኝ «ኤ ብላይንድ ሌጀንድ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ ዓይነ ስውሩን ባላባት ሴት ልጁ በድምፅ ትመራዋለች፣ እኔም የጠላት እርምጃ በመጣበት አቅጣጫ ጣቴን በመሰንዘር ሰይፍ እመዛለሁ። ድምፁ ግራና ቀኝን አጥርቶ ስለሚለይ የጆሮ ማዳመጫ ግድ ይላል፤ የግራው ወደ ቀኝ ከዞረ መንገዱም አብሮ ይገለበጣል። ንግግሩ በአማርኛ አለመሆኑ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው በሩን ይዘጋበታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልቤ ያለው ገበጣ ላይ ነው። በልጅነቴ ከአያቴ ጋር በእንጨት ገበጣ ስጫወት ጉድጓዱን በጣቴ እየዳሰስሁ፣ ጠጠሩን እየቆጠርሁ ስለነበር ማየት አለማየት ልዩነት አልነበረውም። ስልኬ ላይ የጫንሁት ገበጣ ግን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ዝም ያለ ነው፤ ጣቴ ማያ ገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቢሄድም አንድ ቃል አይወጣውም። ለሠሪዎቹ በሚያዝያ ጽፌላቸዋለሁ። የጠየቅኋቸውም ጣቴ በደረሰበት ጉድጓድ ሁሉ «ሁለተኛ ረድፍ፣ ሦስተኛ ጉድጓድ፣ አራት ጠጠር» የሚል ድምፅ እንዲሰማኝ ብቻ ነው።