የሳሙራይ ጎራዴ እጃችሁ የገባ፣ እኚህን ሰው አሳዩዋቸው

ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ የጃፓን ጎራዴ ገማች አሉ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይፈልጉ አልጽፈውም። ሥራቸውን ግን ሳልናገር ብቀር ደስ አይለኝም።

በሆም ኬር የምንከባከባቸው አሜሪካዊት እናት አሉን። አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ዘምተው፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመለሱ አንድ ጎራዴ ይዘው መጥተዋል። ጃፓን እጇን ስትሰጥ የመኮንኖቹ ጎራዴ ተሰብስቦ ስለነበር፣ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች እንዲህ ይዘው ገብተዋል። እዚህ አገር አረጋውያን የምትንከባከቡ ወገኖቼ፣ እናንተንም ሊገጥማችሁ ይችላል።

እጀታው ሲወልቅ የብረቱ ጭራ ላይ ፊርማ አለ። አንድ የአንቲክ ነጋዴ አይቶት «ኮቴትሱ የሚባለው ጎራዴ ሠሪ የሠራው ነው፣ ትልቅ ገንዘብ ነው» አለን። ፊርማው ጎልቶ እንዲታይም ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት ብሎ መከረን። ተመስገን፣ አልነካነውም። ለካ የጭራው ዝገት የጎራዴው የዕድሜ ማስረጃ ነው! እሱ ከተፈገፈገ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል።

ናጋሶኔ ኮቴትሱ በ1600ዎቹ ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። መጀመሪያ ጥሩር ሠሪ ነበር። ስሙ ከመግነኑ የተነሳ ፎርጅድ ፊርማ ከሚበዛባቸው ጎራዴ ሠሪዎች አንዱ ነው።

ገማቹ እጀታውን የያዘችውን የቀርከሃ ችንካር ቀስ ብለው አወጡ። ከዚያ ጭራውን በጨርቅ ሸፈኑት። ፊርማውን ገና አላነበቡም! መጀመሪያ ያዩት ብረቱን ነው። የጎራዴውን ቅርጽ፣ የጎበጠበትን ቦታ፣ ሲቀጠቀጥና ሲታጠፍ የተፈጠረውን እንደ እንጨት ያለ መስመር በመብራት ሥር እያገላበጡ መረመሩ። ስለቱ አጠገብ ያለውን ነጭ መስመር ለእናታችንም አሳዩአቸው። ጎራዴው በእሳት ግሎ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሸክላ ይቀባል፤ ስለቱ ላይ ስስ፣ ጀርባው ላይ ወፍራም። ስለቱ ቶሎ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፣ ድንበሩ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የኮቴትሱ መስመር የመቁጠሪያ ዶቃ የተደረደረ በሚመስል ቅርጹ ይታወቃል። የእኛው ቀጥ ያለ ነው። «ይሄ ብቻውን አይፈርድበትም» አሉ።

ጨርቁን ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ፊርማውን በአጉሊ መነጽር እያዩ ከእውነተኛ ፊርማዎች ቅጂ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። ኮቴትሱ በስሙ ውስጥ ያለውን የነብር ፊደል መጀመሪያ አካባቢ በአንድ መንገድ፣ በኋላ ደግሞ በሌላ መንገድ ይቀርጸው ነበር። የእኛው ከሁለቱም አይገጥምም። በመሮ የተቆረጠው ውስጥ ያለው ዝገትም ከዙሪያው ዝገት ይልቅ አዲስ ነው። ፊርማው ፎርጅድ ነው።

እናታችን ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰውየው ግን አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ አስረዷቸው። ስሙ ውሸት ቢሆንም ጎራዴው እውነተኛ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካ በብዛት ያወጣው ዓይነት ሳይሆን በኤዶ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1600ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1800ዎቹ አጋማሽ ባለው ጊዜ) በእጅ የተቀጠቀጠ። ኮቴትሱ ቢሆን የሚያወጣውን አያወጣም፤ ቢሆንም ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። እሳቸውም «አባቴ ጥሩ ነገር ነው ያመጣው ማለት ነው» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው የጃፓን የጥበብ ጎራዴዎች ጥበቃ ማኅበር ለፎርጅድ ፊርማ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። ስለዚህ ፊርማውን የሚያስፍቁ አሉ። እሳቸው ግን «አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ ከእኔ ሌላ ሰውም ይየው» አሉን። የገመቱትን ዕቃ ራሳቸው አይገዙም። ክፍያቸውን ቀድመው ተናገሩ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ያዩትን ሁሉ ከነፎቶው በጽሁፍ ሰጥተውናል፤ ነገ የእናታችን ልጆች ቢሸጡት ማንም አያታልላቸውም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ዲሲና ሜሪላንድም ይመጣሉ። እስከዚያው ስለቱን በጣት አትንኩ፣ የእጅ ላብ ያዝገዋል። ጭራውን ደግሞ ማንም ቢመክራችሁ አታጽዱት።