ለፍሮንቴራ ስብስብ ሠራተኞች ምስጋና፣ ለአኮርዲዮን ወዳጆች ጥቆማ

የሰሜን ሜክሲኮና የደቡብ ቴክሳስ አኮርዲዮን ከየት እንደተነሣ በጆሯችሁ መከታተል ከፈለጋችሁ፣ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን የፍሮንቴራ ስብስብ ፈልጉ። ክሪስ ስትራክዊትዝ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸውን ሸክላዎች ቀድተው፣ ዝርዝራቸውን መዝግበው በነፃ የከፈቱልንን ባለሙያዎች እግዚአብሔር ይስጥልን!

ጀማሪ ከአኮርዲዮን ተጫዋቹ ናርሲሶ ማርቲኔዝ ይጀምር። እ.ኤ.አ. በ1911 በሜክሲኮዋ ሬይኖሳ ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ቴክሳስ ተሻገረ። ትምህርት ቤት ብዙም አልገፋም፣ ያደገው በእርሻ ሥራ ነው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከባሆ ሴክስቶ (ትልቅ የጊታር ዓይነት) ተጫዋቹ ሳንቲያጎ አልሜይዳ ጋር ለሸክላ አሳታሚው ብሉበርድ ሲቀዳ የአኮርዲዮኑን የግራ እጅ ባስ ተወው። ባሱን 12 ክር ያለው ባሆ ሴክስቶ ስለያዘለት ቀኝ እጁ ለዜማው ፈጠነ። ከእርሱ በፊት ከተቀዳው ብሩኖ ቪያሪያል ጋር አከታትላችሁ ስሙት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

ስትፈልጉ በስሙ ብቻ አትቁሙ። ብሉበርድ ያንኑ ሙዚቃ ለሌሎች ገበያዎች ሉዊዚያና ፒት እና ፖልስኪ ክዋርተት እያለ ሸጦታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ አይዲያል በተባለው ኩባንያ ካርመን እና ላውራን አጅቧል፤ እዚያ ስሙ ከዘፋኞቹ ኋላ ነው።

የቀጂዎቹ ሥራ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በደቂቃ 78 ዙር የሚሽከረከር ሸክላ ጫፉ 75 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ገደማ የሆነ መርፌ ይፈልጋል። የኋለኛው ዘመን 25 ማይክሮኑ ከገባ ቆሻሻ ወደተጠራቀመበት የሸክላው ቦይ ታች ይወርድና ድምፁ ይንሿሿል። በአልኮል ማጠብማ ጨርሶ አይሞከርም፣ ሸክላው የተሠራበትን ሙጫ፣ ሼላኩን፣ ያሟሟዋል። ፍጥነቱም ያታልላል፤ ከ78 ወደ 76 ቢወርድ ቅኝቱ ሩብ ድምፅ ያህል ይወርዳል። የአኮርዲዮን ቁልፍ እንደ ክር አይጠመዘዝምና፣ ዜማው በሁለት ቅኝቶች መካከል ከወደቀ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማጫወቻው ነው (የያኔው አኮርዲዮንም ራሱ ሊዛነፍ ይችላል)።

ማርቲኔዝ ከሸክላው ብዙ አላተረፈም፤ የጭነት መኪና ነድቷል፣ በብራውንስቪል መካነ እንስሳትም ሠርቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት የደረሰው በ1983 ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ሆናችሁ ስትከፍቱ ብዙዎቹ ቅጂዎች አጭር ቅንጭብ ብቻ ያሰማሉ፤ የቅጂ መብት ጉዳይ ነው። ሙሉውን የፈለገ የሸክላውን ቁጥር ይያዝና የስትራክዊትዝ ኩባንያ አርሁሊ ዳግም ካሳተማቸው ውስጥ ይፈልግ።