ስንጥቁን አይተው መፍትሄውን ለነገሩን ጋሼ

የድሬ ሰዎች፣ በተለይ ሆቴል፣ ጁስ ቤት ወይም የማቀዝቀዣ ክፍል ያላችሁ፣ ይህን እባካችሁ አንብቡልኝ። ሳቢያን አካባቢ የብሎክ በረዶ እናመርታለን። ሆቴሎች የሚወስዱት ጥርት ያለውን፣ በወዲያ በኩል የቆመን ሰው የሚያሳየውን ነው። እሱ ከተሰነጠቀ መጋዝ ሲነካው ይፈረካከሳል፤ ፈጭቶ በርካሽ ከመሸጥ ሌላ መላ የለውም። ሙቀቱ በበረታበትና ፈላጊው በበዛበት ሰሞን ብሎኮቻችን እየተሰነጠቁ አስቸገሩን።

መጥተው ያዩልን ሁሉ ትልቅ ኮምፕረሰር ግዙ አሉን። የማቀዝቀዣ ባለሙያው ጋሼ ግን (ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ልጥራቸው) ማሽኑን እንኳ አልከፈቱም። የተሰነጠቁትን አስደርድረው በባትሪ እያበሩ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ስንጥቅ መኖሩን አሳዩን፦ አንዱ ከላዩ የሚጀምር፣ ቀጭንና ብዙ፤ ሌላው ከመሃል ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሄድ፣ ሰፊ። መነሻቸው ለየቅል ነው።

የላዩ የሚመጣው በረዶው ከሻጋታው ሲወጣ ነው። ሻጋታዎቹ የሚነከሩበት የጨው ውሃ ገንዳ ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ ብሎኩም አብሮት ይቀዘቅዛል። እኛ ጋ የማላቀቂያው ውሃ የሚመጣው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው፤ በድሬ ፀሐይ ቀትር ላይ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ትኩስ ሻይ እንደማፍሰስ ነው፤ ላዩ በድንገት ይለጠጣል፣ ውስጡ ባለበት ይቀራል፣ ይሰነጠቃል። ጋሼ ገንዳውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ግድም ላይ አስያዙት። ሻጋታው ከገንዳ ሲወጣ ጥላ ስር ቆይቶ፣ የበረዶው ላይ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ብቻ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ እንዲላቀቅ አዘዙ። መጋዝም ከዚያ በፊት አይነካውም።

የመሃሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ግድም ይጨምራል። ብሎኩ ከዳር ወደ መሃል ስለሚረጋ፣ መጨረሻ የቀረው ውሃ በበረዶ ከተከበበ መሄጃ ያጣና ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በዚያ ላይ የድሬ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያየ ያውቀዋል። በረዶ ሲረጋ ማዕድኑን እየገፋ መሃል ላይ ያከማቸዋል፤ ደፍራሹ ልብ ከዚያ ነው። ስለዚህ ሻጋታው ውስጥ አየር የሚነፋው ቱቦ ውሃውን ሳያቋርጥ ያናውጠዋል፤ መሃሉ ትንሽ ሲቀረው ያን ውሃ በፓምፕ ስቦ በተጣራና በቀዘቀዘ ውሃ መተካት ነው። ይህን በእጃቸው ይዘው ለሠራተኞቻችን አሳዩ፤ የተሳሳተውን ሳይቆጡ ደጋግመው።

እውነቱን ለመናገር ምርቱ ከበፊቱ ይዘገያል። የብሎኩ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የመርጊያው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ስለሚጠጋ፣ ወፍራም ፈልጎ መቸኮል አይቻልም። ግን አሁን ከገንዳ የሚወጣው ሙሉውን ይሸጣል፤ ለእኔ ትርፉ እሱ ነው። ኮምፕረሰሩም ያው የድሮው ነው። ሊሸጡልን ይችሉ ነበር፤ አላደረጉትም፣ የጠየቁት የድካማቸውን ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የቤታችን ሠራተኞች በሙሉ አመስግንልን ብለውኛል።

የምትፈልጓቸው ኢንቦክስ አድርጉልኝ፤ ፈቅደውልኛልና ስልካቸውን እልክላችኋለሁ። የቤት ፍሪጅ አይሠሩም። ድሬ ውስጥ ጠዋት ጠዋት ነው የሚመጡት፤ ሐረርም ይወጣሉ፣ ትራንስፖርታቸውን ብቻ ቻሉላቸው። ከመምጣታቸው በፊት የገንዳውን ሙቀት ለጥቂት ቀን ጠዋትና ማታ መዝግባችሁ ጠብቋቸው፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።