የካዚኖ ቃላት መፍቻ ምን ያህል ያስረዳል? የአንድ መተግበሪያ ግምገማ

የኢንተርኔት ካዚኖዎች ለደንበኞቻቸው ከጨዋታው ጎን የሚያቀርቡት፣ ብዙ ሰው ግን ሳይከፍተው የሚያልፈው አንድ ክፍል አለ፤ እርሱም የቁማር ቃላት መፍቻ ነው። ይህ ግምገማ በአንድ የካዚኖ መተግበሪያ ውስጥ የተካተተውን እንዲህ ያለ መፍቻ፣ አብረውትም የሚነበቡትን የየጨዋታውን የሕግ መግለጫዎችና የቦነስ ውሎችን ይመለከታል። የአቀራረቡ ጉድለቶች በአንድ ድርጅት ብቻ የተወሰኑ ስላልሆኑ ስሙን መጥቀስ አላስፈለገኝም። የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፤ መፍቻውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበ ሰው ገንዘቡን ከማስያዙ በፊት ጨዋታው ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ማወቅ ይችላል ወይ? ቁማር ዋጋ ያለው አገልግሎት ነው፤ ዋጋው ግን በግልጽ ተለጥፎ አይገኝም፤ የሚገኘው በቃላቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቃላቱን የሚፈታው ክፍል በተዘዋዋሪ የዋጋ ዝርዝር የመሆን ኃላፊነት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የጠረጴዛ ጨዋታዎችን አካሄድ የሚገልጹት ቃላት በጥሩ ሁኔታ ተብራርተዋል። መደብ፣ ቺፕ፣ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋዩ ጋር ወደ 21 ለመቅረብ በሚወዳደሩበት በብላክጃክ ካርታ መጨመርና ባለበት መቆም፣ መደብን ማጠፍ፣ ጥንድ ካርታን መክፈል፣ ከ21 አልፎ መቃጠል፤ ኳስ በባለ ቁጥር መንኮራኩር ላይ በምትሽከረከርበት በሩሌት ደግሞ በአንድ ቁጥር፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል፣ በአምድና በቀለም ላይ ማስያዝ፤ እነዚህ ሁሉ አጭርና ትክክለኛ ፍቺ ተሰጥቷቸዋል። ጨዋታውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው በዚህ ክፍል ብቻ ተመርቶ ጠረጴዛው ላይ የሚሆነውን ሊከታተል ይችላል።

ችግሩ የሚጀምረው «የቤቱ ብልጫ» ከሚለው ቃል ነው። መፍቻው ይህን «ካዚኖው በረጅም ጊዜ የሚኖረው የሒሳብ ጥቅም» ብሎ ፈትቶ ያልፈዋል። ፍቺው ስህተት የለበትም፤ ነገር ግን አንባቢው ከዚህ ዓረፍተ ነገር ምንም ሊሠራበት የሚችል ነገር አያገኝም። በሩሌት ቢያሳየው ኖሮ ነገሩ በጥቂት መስመር ግልጽ ይሆን ነበር። ባለ አንድ ዜሮው መንኮራኩር 37 ክፍሎች አሉት፤ በአንድ ቁጥር ላይ ያስያዘ ሰው ሲያሸንፍ የሚከፈለው የመደቡ 35 እጥፍ ነው። ጨዋታው ለሁለቱም ወገን እኩል እንዲሆን ክፍያው 36 እጥፍ መሆን ነበረበት። ያቺ የጎደለችው አንዲት እጥፍ ለ37 ስትካፈል 2.70 በመቶ ትሆናለች፤ ይህም በእያንዳንዱ መደብ ላይ ቤቱ የሚይዘው አማካይ ድርሻ ነው። ባለ ሁለት ዜሮው መንኮራኩር 38 ክፍሎች ሲኖሩት ክፍያው ሳይለወጥ በዚያው በ35 እጥፍ ይቆያል፤ ድርሻው ግን ወደ 5.26 በመቶ፣ ማለትም ወደ እጥፍ ገደማ ይወጣል። ሦስት ዜሮ ያለበት ደግሞ 7.69 በመቶ ይወስዳል። መፍቻው እነዚህን መንኮራኩሮች «የአውሮፓ» እና «የአሜሪካ» እያለ ሲጠራቸው ልዩነታቸው የአሠራር ስልት ብቻ ይመስላል፤ የዋጋ ልዩነት መሆኑ አልተነገረም። ፍራንሷ እና ሉዊ ብላን የተባሉት ወንድማማቾች በ1843 በጀርመን ባድ ሆምቡርግ ባለ አንድ ዜሮውን መንኮራኩር ያቀረቡት ከሌሎች ቤቶች በተሻለ ዋጋ ደንበኛ ለመሳብ ነበር፤ ያን ጊዜ ደንበኛው የተረዳውን ልዩነት የዛሬው መፍቻ መደበቁ አያስመሰግነውም።

ለስሎት ማሽኖች፣ ማለትም ሥዕሎችን አሽከርክረው እንደ አገጣጠማቸው ለሚከፍሉ ጨዋታዎች፣ የተሰጠው ማብራሪያ ከዚህ ይብሳል። እዚህ ዋናው ቃል አርቲፒ፣ ማለትም ለተጫዋቾች ተመላሽ የሚሆነው መጠን ነው። መፍቻው «96 በመቶ አርቲፒ ያለው ጨዋታ ከ100 ዶላር 96ቱን ይመልሳል» ይላል። ይህን ያነበበ ሰው 100 ዶላር አስገብቶ ቢበዛ አራት ዶላር እንደሚጎድልበት ቢያስብ ሊፈረድበት አይገባም። እውነቱ ግን መቶኛው የሚሰላው ሒሳቡ ውስጥ በገባው ገንዘብ ላይ ሳይሆን በእያንዳንዱ መደብ ላይ ነው፤ ያሸነፈው ገንዘብም ተመልሶ ስለሚያዝ የመደቦቹ ድምር ካስገባው ገንዘብ በብዙ ይበልጣል። አንድ ሰው በደቂቃ አሥር ጊዜ፣ በእያንዳንዱም አንድ ዶላር እያስያዘ ቢጫወት በሰዓት 600 ዶላር ያስይዛል፤ የዚህ አራት በመቶ 24 ዶላር ነው። አርቲፒን ትርጉም ያለው የሚያደርገው በሰዓት ተሰልቶ ሲቀርብ እንደሆነ አጥብቄ እናገራለሁ፤ በዚህ መልክ ያቀረበ መፍቻ ግን አላገኘሁም። ከዚህም በላይ ቁጥሩ እጅግ ብዙ ዙሮችን የሚመለከት የሒሳብ ውጤት በመሆኑ በአንድ ምሽት ጨዋታ ላይ ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ከአርቲፒ ጋር አብረው መነበብ ያለባቸው ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው የመዋዠቅ መጠን ሲሆን አርቲፒያቸው እኩል የሆነ ሁለት ጨዋታዎች እንዴት ፈጽሞ የተለያየ ባሕርይ እንደሚኖራቸው ያስረዳል፤ አንዱ ትንንሽ ክፍያዎችን በተደጋጋሚ ሲሰጥ ሌላው ረጅም ጊዜ ምንም ሳይከፍል ቆይቶ አልፎ አልፎ ትልቅ ክፍያ ይሰጣል። መፍቻው ይህን በሚገባ ገልጾታል፤ ላመሰግነውም ይገባል። ሁለተኛው የማሸነፍ ድግግሞሽ ነው፤ በዚህ ግን አንባቢውን ያሳስታል። «በመቶ ዙር ውስጥ ተጫዋቹ ስንት ጊዜ እንደሚያሸንፍ» ብሎ ሲፈታው፣ አንድ ዶላር አስይዞ 30 ሳንቲም የተመለሰለትም እንደ አሸናፊ እንደሚቆጠር አይናገርም። ማሽኑ በዚህ ጊዜ ሙዚቃ ያሰማል፣ መብራት ያበራል፤ ተጫዋቹ ግን 70 ሳንቲም ተበልቷል። አጥኚዎች «ድል የመሰለ ሽንፈት» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በመፍቻው ውስጥ ቦታ ማግኘት ነበረበት።

በተጨማሪም አንድ ዓይነት ስሎት በተለያየ የአርቲፒ ደረጃ ተዘጋጅቶ ለካዚኖዎች እንደሚቀርብ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙና ሥዕሉ ያው ሆኖ በአንዱ ቤት 96፣ በሌላው 94 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያነበቡትን ቁጥር ከማመን የጨዋታውን የራሱን የመረጃ ገጽ መክፈት ይሻላል። በዚህ መተግበሪያ ያ ገጽ አለ፤ ቁጥሩም ተጽፏል፤ የሚገኘው ግን ከክፍያ ሰንጠረዡ በኋላ በመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ ነው።

«የሞቀ ማሽን» እና «የቀዘቀዘ ማሽን» የሚሉት አባባሎች በመፍቻው ውስጥ መካተታቸው ባልከፋ፤ ተጫዋቾች ይናገሯቸዋልና። ነገር ግን «በቅርቡ ብዙ የከፈለ ማሽን» ብሎ ፈትቶ ማለፍ እምነቱን ማጽደቅ ነው። የስሎት ውጤት የሚወሰነው በዘፈቀደ ቁጥር አመንጪ ነው፤ የሚቀጥለው ዙር ያለፈውን አያስታውስም። በሩሌትም እንደዚሁ ነው። ነሐሴ 18 ቀን 1913 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች፤ ተጫዋቾቹ «አሁንስ ቀይ መምጣቱ አይቀርም» እያሉ በየዙሩ መደባቸውን ከፍ ሲያደርጉ ብዙ ገንዘብ ተበሉ። ይህ የአስተሳሰብ ስህተት እስከ ዛሬ በቦታው ስም ይጠራል። በመፍቻው ውስጥ ስለ እርሱ አንድም ቃል አለመኖሩ ለእኔ ከባድ ጉድለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ቦነስን የሚመለከተው ክፍል ነው። «100 ዶላር የእንኳን ደህና መጡ ቦነስ» የሚለው ማስታወቂያ በመግቢያው በትልቁ ይታያል፤ «የውርርድ ግዴታ 35 ጊዜ» የሚለው በውሉ ውስጥ በደቃቅ ፊደል ይገኛል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሒሳብ ግን የትም የለም። ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ቦነሱ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተለውጦ እንዲወጣ ተጫዋቹ በድምሩ 3,500 ዶላር ማስያዝ አለበት። አርቲፒው 96 በመቶ በሆነ ስሎት ይህን ግዴታ እስከ መጨረሻው የፈጸመ ሰው በአማካይ 140 ዶላር ይበላል፤ ስጦታው ግን 100 ዶላር ነበር። የቤቱ ብልጫ ዝቅ ወዳለበት ወደ ብላክጃክ ልሂድ ቢል ደግሞ «የጨዋታ አስተዋጽኦ» የሚለው ሌላ ቃል ይጠብቀዋል፤ ስሎት መቶ በመቶ ሲቆጠር የጠረጴዛ ጨዋታ አሥር በመቶ ብቻ ይቆጠራልና ግዴታው 35,000 ዶላር ይሆናል። የቤቱ ብልጫ ግማሽ በመቶ እንኳ ቢሆን የዚህ አማካይ ኪሳራ 175 ዶላር ነው። በዚህ ላይ የጊዜ ገደብ፣ የአንድ መደብ ጣሪያ፣ እንዲሁም ቦነሱ ራሱ ፈጽሞ የማይወጣበትና ትርፉ ብቻ የሚከፈልበት ውል ይጨመራል። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው በመፍቻው ውስጥ አሉ፤ ፍቺያቸውም ልክ ነው። ነገር ግን በተለያየ ገጽ ተበታትነው ስለቀረቡ አንዱ በሌላው ላይ የሚያመጣውን ውጤት አንባቢው ራሱ እንዲደርስበት ተትቷል፤ ይህን ደግሞ አብዛኛው ሰው የሚደርስበት ገንዘቡን ለማውጣት ሲጠይቅ ነው።

በብላክጃክ ክፍል ሁለት ቃላት ላይ ትኩረት ማድረግ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ብላክጃክ ሲመጣ፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች አስና አሥር ዋጋ ያለው ካርታ ሲሆኑ፣ የሚከፈለው መጠን ነው። «3 ለ 2» ማለት በ10 ዶላር መደብ 15 ዶላር ማግኘት ሲሆን «6 ለ 5» ግን 12 ዶላር ብቻ ነው። ስድስትና አምስት ከሦስትና ሁለት ስለሚበልጡ የተሻለ ክፍያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በተግባር ግን ለውጡ በቤቱ ብልጫ ላይ 1.4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጥሩ ሕግ ባለው ጠረጴዛ በትክክለኛ ስልት ለሚጫወት ሰው ጠቅላላው ብልጫ ግማሽ በመቶ አካባቢ መሆኑን ለሚያውቅ ይህ ከባድ ጭማሪ ነው። ሁለተኛው «ኢንሹራንስ» ይባላል። መፍቻው «አከፋፋዩ ብላክጃክ ቢይዝ ከኪሳራ የሚጠብቅ» ይለዋል፤ ይህ ግን ምንም ነገር የማይጠብቅ ራሱን የቻለ ሌላ ውርርድ ነው። እያንዳንዳቸው 52 ካርታ ባላቸው ስድስት ጥቅሎች ሲጫወት የአከፋፋዩ አስ ተገልጦ 311 ካርታዎች ይቀራሉ፤ ከእነዚህ አሥር ዋጋ ያላቸው 96 ናቸው። ውርርዱ ሁለት እጥፍ ስለሚከፍል እኩል ለመውጣት ከሦስት አንድ ጊዜ መሳካት ነበረበት፤ የሚሳካው ግን ከመቶ 31 ጊዜ ያህል ብቻ በመሆኑ ቤቱ 7.4 በመቶ ይይዛል። ከሩሌት ባለ ሁለት ዜሮ መንኮራኩር የበለጠ የሚያስከፍል ውርርድ ዋስትናን በሚያስታውስ ስም ሲቀርብ መፍቻው ስሙን ከመድገም ይልቅ ሒሳቡን ማሳየት ነበረበት።

የስፖርት ውርርድ ክፍሉ የኦድን፣ ማለትም ያሸነፈ መደብ በስንት ተባዝቶ እንደሚከፈል የሚያሳየውን ቁጥር፣ አጻጻፍ ዓይነቶች በሚገባ ያስረዳል። የጎደለው የአወራራጁ ድርሻ ነው። ሁለት ውጤት ብቻ ባለው ውድድር ለሁለቱም ወገን 1.91 ኦድ ቢሰጥ፣ 100ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍሎ ሲደመር 104.7 ይመጣል፤ ከመቶ ያለፈው የአወራራጁ ትርፍ ምንጭ ነው። ብዙ ግጥሚያ በአንድ ቲኬት ሲደረደር ይህ ድርሻ አብሮ ይባዛል፤ እንዲህ ያሉ አምስት ግጥሚያዎች 25.4 ያህል ኦድ ይሰጣሉ፣ እኩል ዕድል ላለው ውርርድ የሚገባው ግን 32 ነበር። ከመደቡ አንድ አምስተኛ የሚሆነው በአማካይ ለአወራራጁ ይቀራል ማለት ነው። መፍቻው ስለ ተደራራቢ ቲኬት የተናገረው «ከፍተኛ ክፍያ የሚያስገኝ» መሆኑን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ራስን ስለመጠበቅ ነው። በዚህ አዘጋጆቹ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ሥራ ሠርተዋል። የተበላን ገንዘብ ለማስመለስ ደጋግሞ መጫወት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ከተዘረዘሩት ዘጠኝ የቁማር ሱስ መለያዎች አንዱ እንደሆነ፣ ከእነዚህም አራቱና ከዚያ በላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ከታዩ ችግሩ እንዳለ እንደሚቆጠር በግልጽ ጽፈዋል። የገንዘብ ማስገቢያ ገደብ፣ ጊዜያዊ ዕረፍትና ራስን ማገድ ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም ለይተዋል፤ የመጀመሪያው መጠኑን ይወስናል፣ ሁለተኛው ለአጭር ጊዜ ሒሳቡን ይዘጋል፣ ሦስተኛው ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ተጫዋቹ ሐሳቡን ቢለውጥም አይከፈትለትም። ገደብን ዝቅ ማድረግ ወዲያው እንደሚጸና፣ ከፍ ማድረግ ግን የመጠበቂያ ጊዜ እንዳለው የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር በመፍቻው ሁሉ ውስጥ ጠቃሚው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር ይነግረዋል። ይህ ክፍል ከዝርዝሩ ግርጌ ተነሥቶ ገንዘብ በሚገባበት ገጽ ላይ ቢቀመጥ፣ የአርቲፒና የቦነስ ሒሳቡም አጠገቡ ቢጻፍ መፍቻውን ያለ ማመንታት እመክረው ነበር። አሁን ባለበት ሁኔታ የጨዋታውን ሕግ ለመማር እመክረዋለሁ፤ ገንዘብ ለማስያዝ ለሚወስን ሰው ግን የየጨዋታውን የመረጃ ገጽና የቦነሱን ውል ሙሉ በሙሉ ሳያነብ በዚህ ብቻ እንዲተማመን አልመክርም።